የሥነ እንስሳት ድኅረ ምረቃ ዲግሪ መመዘኛዎች ታሪካዊ አመጣጥ፤ ከሐዋሳ ሐይቅ አንጻር ሲታይ

አንድ መምህር በሥነ እንስሳት (በዞኦሎጂ) የሁለተኛ ዲግሪ ለማግኘት ምን ማሟላት አለበት? ለሚለው ጥያቄ የዩኒቨርሲቲዎቻችን መተዳደሪያ ደንብ አጭር መልስ አለው። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የመግቢያ ፈተና፣ የተወሰነ የክሬዲት ሰዓት፣ ከ3.00 ያላነሰ አማካይ ውጤት፣ በአማካሪ መሪነት የተዘጋጀ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በመጨረሻም የውጭ ፈታኝ በተገኘበት ጉባኤ ፊት ጽሑፉን አቅርቦ መከላከል ናቸው። የመግቢያው ፈተና ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህ በትምህርት ሚኒስቴር አማካይነት በሀገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጥ ሆኗል። ሆኖም ይህ ዝርዝር ከየት እንደ መጣና ከመመዘኛዎቹ መካከል ዋነኛው የትኛው እንደ ሆነ ደንቡ አይናገርም። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ በታሪክ መነጽር ለማየት ይሞክራል። እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

እንደሚታወቀው የሀገራችን እንስሳት በዘመናዊ ሳይንስ የተመዘገቡት በመጀመሪያ በውጭ አገር ሰዎች ነው። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በእ.ኤ.አ. 1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ መጥቶ ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀ። የሰበሰባቸውም ናሙናዎች ፍራንክፈርት በሚገኘው የሴንከንበርግ ሙዚየም ገቡ። የደጋ አጋዘንም እንዲሁ ስሙን ያገኘው በእ.ኤ.አ. 1910 በእንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ሊደከር ብዕር ነው። በዚያ ዘመን አንድን እንስሳ ለማጥናት ቆዳውና የራስ ቅሉ ይበቃ ነበር። በየትኛው ወር እንደሚወልድ፣ ምን በልቶ እንደሚያድር፣ ከአጠገቡ ያለው ገበሬ ስለ እርሱ ምን እንደሚያውቅ የሚጠይቅ አልነበረም።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ በኋላም በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ በሥነ ሕይወት የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ የፈለገ ባሕር ተሻግሮ የሌላውን አገር መመዘኛ ማሟላት ነበረበት። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። የዶክትሬት ትምህርታቸውን የጨረሱት በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስማቸውን ያስጠራው ግኝት ግን የተገኘው በእ.ኤ.አ. 1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነበር። ከማጠቢያው ሥፍራ በታች ባለው ውኃ፣ የቢልሃርዚያን ጥገኛ ትል የሚያሳድጉት ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው ተመለከቱ። ዲግሪው ከባሕር ማዶ መጣ፤ ጥያቄው ግን ከወንዙ ዳር ተነሣ። በእኔ አስተያየት በሀገር ውስጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት መጀመሩ ትልቅ ትርጉም የሚኖረው እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሥፍራ ማገናኘት በመቻሉ ነው።

ይህም የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1971 ዓ.ም. የማስተርስ ትምህርት በጀመረ ጊዜ ነው። ሥርዓቱ የሁለት ዓመት ሲሆን፣ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቱን ጨርሶ በሁለተኛው ወደ ምርምሩ ይገባል። በሥነ እንስሳት ዘርፍ ምርምር ለማድረግ እንስሳው ያለበት ቦታ መሄድ ግድ ነውና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የትምህርት ክፍሉ ሁለተኛ ቤተ ሙከራ ሆኑ። ከእነዚህም መካከል ሐዋሳ አመቺ ነበር። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥቁር ውኃ ወንዝ የሚገባበት፣ በገጸ ምድር ግን መውጫ የሌለው ነው። በውስጡም የዓሣ ዝርያዎቹ ከስድስት አይበልጡም። በከተማይቱ በእ.ኤ.አ. 1976 የተቋቋመው የግብርና ኮሌጅ፣ የዛሬው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ ለጥናቱ ቅርብ መጠጊያ ሆነ።

በእ.ኤ.አ. 1988 ኤልያስ ዳዴቦ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የማስተርስ ጽሑፍ በሐዋሳ ሐይቅ ስላለው አምባዛ ሕይወትና ለገበያ ስለሚወጣው መጠን ነበር። በእ.ኤ.አ. 1991 ሥዩም መንግሥቱ ከካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፈርናንዶ ጋር በዚሁ ሐይቅ ስለሚንሳፈፉት ጥቃቅን እንስሳት ወቅታዊ መለዋወጥ ጽሑፍ አወጡ። በእ.ኤ.አ. 1996 ደግሞ ደመቀ አድማሱ ስለ ቆሮሶ የመራቢያ ወቅት ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ።

በዚህ በመጨረሻው ጥናት ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። የሥራው ዓይነት ለማንም ግልጽ ነው። ዓሣው በየወሩ ይጠመዳል፣ ይመዘናል፣ ሆዱ ተከፍቶ የመራቢያ አካሉ ለብቻው ይመዘናል። የመራቢያ አካሉ ክብደት ከሰውነቱ ክብደት ስንት እጅ እንደ ሆነ ተሰልቶ በወራት ተራ ሲቀመጥ፣ የመራቢያው ጊዜ ከፍና ዝቅ ይታያል። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ በብዛት የሚራባው በሁለት ወቅት መሆኑ ታወቀ፤ አንደኛው በበጋ ከጥር እስከ መጋቢት ግድም፣ ሁለተኛው በክረምት ከሐምሌ እስከ መስከረም ግድም ነው።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ከዚህ ላይ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር መምህራን ከየወረዳው ተነሥተው በሐዋሳ መናኸሪያ ይወርዳሉ። ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ዲግሪያቸውን ለማሻሻል የመጡ ናቸው። የክረምቱ መርሐ ግብር ለመምህሩ የተከፈተ ትልቅ በር መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን የመስኩ ሥራም በእነዚሁ ወራት ብቻ ይጠናቀቅ ቢባል፣ ተማሪው ሦስት ክረምት በተከታታይ መረቡን ቢጥል እንኳ የሚያየው የሐምሌንና የነሐሴን ዓሣ ብቻ ነው። ቁጥሩ ትክክል፣ ስሌቱም ያማረ ይሆናል። ድምዳሜው ግን «ቆሮሶ በክረምት ይራባል» የሚል ግማሽ እውነት ነው። የበጋው እርባታ ከነጭራሹ አይታይም። ይህን ድምዳሜ ይዞ ዓሣ ማስገር የሚከለከልበትን ወር የሚወስን ባለሥልጣን ቢኖር፣ በጥር ወር እንቁላል የያዘችውን ዓሣ ለመረቡ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። በደንቡ ውስጥ በአንድ ቃል «የመመረቂያ ጽሑፍ» ተብሎ የሚታለፈው መመዘኛ በሥነ እንስሳት ረገድ የዓመቱን ዙር ካላሟላ፣ የክሬዲቱ ሰዓት ቢሞላም ጉድለቱ አይሸፈንም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው በእ.ኤ.አ. 1987 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ወደ ውጭ መሄዱ አልቀረም፤ የአካሄዱ ጠባይ ግን ተለወጠ። ዘሪሁን ደስታ በእ.ኤ.አ. 2007 ዶክትሬታቸውን ከኖርዌይ ሲያገኙ የመረመሩት የሐዋሳን ሐይቅ ዓሣ ነበር። በቢልጫ ሥጋ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ መጠን በቆሮሶና በአምባዛ ካለው የበለጠ መሆኑንም አሳዩ። ይህ ከሩፔል ዘመን እጅግ የራቀ ነው፤ ናሙናው ባሕር ቢሻገርም ጥያቄው የሐዋሳን ዓሣ ተመጋቢ የሚመለከት ነውና።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ሥርዓተ ትምህርት የምናዘጋጅ ሰዎች ለእነዚህ ጽሑፎች ያለን ጉጉት የተለየ ምክንያት አለው። ዕጩ መምህራንን የሚያስተምረው አሠልጣኝ የሁለተኛ ዲግሪ እንዲኖረው ይፈለጋል። እርሱ በጥናቱ ያላየውን ዕጩው አያይም፤ ዕጩውም በክፍሉ ያሉትን ሕፃናት በመጽሐፍ ላይ በተሳለ የባዕድ አገር ዓሣ ያስተምራቸዋል።

ለዚህ መፍትሔው የክረምቱን መርሐ ግብር መዝጋት አይደለም። እንዲያውም ነገሩን ገልብጠን ብናየው፣ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ ናሙና ከሚሰበስበው የሙሉ ጊዜ ተማሪ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ሐይቁ ዳር የሚኖረው የሐዋሳ፣ የዝዋይና የአርባ ምንጭ መምህር ነው። በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የሚያስተምር ሰው በወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ አሞራ ገደል ወርዶ፣ ከአሥጋሪዎች ዓሣ ገዝቶ፣ በትምህርት ቤቱ ሚዛን መመዘን አይከብደውም። የሚያስፈልገው የጥናት ዕቅዱ በመጀመሪያው ክረምት እንዲጸድቅለት፣ አማካሪውም በበጋው ወራት ቢያንስ ሁለት ጊዜ መጥቶ መዝገቡን እንዲያይለት በደንቡ ውስጥ መጻፉ ነው።