የአንድ ጽሑፍ ማዘጋጃ ታሪክና የፊደላችን ዕጣ

በውጭ አገር የምንገኝ ተማሪዎች ስለ ፊደላችን ስንወያይ ዘወትር የምናነሣው ጥንታዊነቱንና ውበቱን ነው። ነገር ግን በዘመኑ መሣሪያ የማይጻፍ ፊደል በጥንታዊነቱ ብቻ አይኖርም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ኢማክስ የተባለው ጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ከዩኒክስ ወደ ዊንዶውስ እንዴት እንደ ተሻገረ፣ የግዕዝ ፊደልም አብሮት እንዴት እንዳለፈ ነው።

ችግሩ ከቁጥር ይጀምራል። በዊንዶውስ ይሠሩ የነበሩት የቀድሞ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ እያንዳንዱን ሆሄ በአንድ ባይት ስለሚይዙ ከ256 በላይ ቦታ አልነበራቸውም። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲታከሉ ከልኩ ያልፋሉ። ስለሆነም ባለሙያዎች ፊደሉን በተለያዩ ፎንቶች ከፋፍለው በላቲን ሆሄያት ቦታ አስቀመጡት። ድካማቸው የሚናቅ አይደለም፤ ስንትና ስንት ጋዜጣና መጽሐፍ ታትሞበታል። ሆኖም ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት የየራሳቸው አቀማመጥ ስለነበራቸው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የባዕድ ምልክቶች ትርምስ ይሆናል። በስደት የተጻፈ ቃለ ጉባኤ በዲስክ ላይ እያለ ጠፋ ማለት ነው!

ማሽን ፊደልን ማስገበሩ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኦሃዮ ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት ማዕከል ሥራውን የጀመረው ከምንኖርበት ከኮሎምበስ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ጥግ፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነበር፤ በኮምፒውተር መዝገቡም የአማርኛ መጽሐፍ ርእስ ለረጅም ዘመን የገባው በላቲን ፊደል ነው።

ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 ለሕዝብ ያቀረበው ጂኤንዩ ኢማክስ ግን ምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት ነበር። በጃፓን፣ በጽኩባ በነበረው የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ ሀንዳ ኬኒቺና ባልደረቦቹ ፕሮግራሙን ለብዙ ቋንቋ አበቁት፤ አንዱን ሆሄ ከአንድ ባይት በላይ እንዲይዝ አደረጉ። የግዕዙን ክፍል የጻፈው ታካሃሺ ናኦቶ ነው። አማርኛን በላቲን ቁልፎች ለመጻፍም ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት አገለገለ። ይህ ሁሉ በ1997 በወጣው ኢማክስ 20 ውስጥ ገባ። ለፊደላችን ቤት የሠራለት ጃፓናዊ መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ ዊንዶውስ የማሻገሩን ሥራ በ1990ዎቹ አጋማሽ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጄፍ ቮልከርና ሌሎች ያዙት። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ አልጻፉትም፤ ከሥሩ ሌላ መሠረት አኖሩለት እንጂ። ዩኒክስ የሚሰጠውን ዊንዶውስ የሚነፍገውን አገልግሎት ሁሉ የሚተካ ኮድ ጻፉ። ለምሳሌ ዩኒክስ አንድን ሂደት ለሁለት ከፍሎ ልጅ ሂደት ያስነሣል፤ ዊንዶውስ ይህን ስለማያውቅ ልጁ ከመነሻው አዲስ ሆኖ ይፈጠራል። የመስመር መጨረሻም በዩኒክስ አንድ ምልክት፣ በዊንዶውስ ሁለት ስለሆነ ፋይል ሲነበብና ሲቀመጥ መለወጥ ነበረበት። የግዕዝ ሆሄያት ያሉበት ፎንት ደግሞ ዊንዶውስ አልነበረውም። ስለዚህ ኢማክስ በዩኒክስ ዓለም የተለመዱትን በነጥብ የተሣሉ ፎንቶች ራሱ አንብቦ እንዲያሳይ ተደረገ። ምንጩ ባይከፈት ኖሮ ይህን ማን ይሞክረው ነበር?

በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶችን መዘገበ። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሰፊው ገበያ ያቀረበው በ2007፣ ከኢማክስ 20 አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በየመሳቢያችን ያሉት የቆዩ ዲስኮች ግን እስካሁን ወደ ዩኒኮድ አልተመለሱም፤ ዲስኩም ያረጃል፤ የየፎንቱን አቀማመጥ የሚያውቁትም ሰዎች እያነሱ ነው።