ከ«ቃል ዕውርነት» እስከ ዲስሌክሲያ፦ ንባብ የሚቸግረው ተማሪና የመቋቋሚያ ስልቶቹ ታሪክ

አእምሮው ብሩህ፣ አነጋገሩ የተስተካከለ፣ በስሌትም ከጓደኞቹ የማያንስ ሆኖ ሳለ ንባብ ላይ ሲደርስ የሚሰናከል ተማሪ በየዘመኑ ነበረ። ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ስም ግን «ሰነፍ» ወይም «ደንቆሮ» የሚል ነው። ይህን ስም ከተማሪው ላይ ለማንሣት ሐኪሞችና መምህራን ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል። የድካማቸው ታሪክ ዛሬ ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ የሚመከሩት ስልቶች ከየት እንደመጡና የትኞቹ እንደተጣሉ ያስረዳል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ምልከታዎች

ነገሩ የተጀመረው በአዋቂዎች ላይ ነው። በ1877 ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል፣ ማየትና መናገር እየቻሉ የተጻፈ ቃል ማንበብ የተሳናቸውን ሕሙማን ሁኔታ «የቃል ዕውርነት» ሲል ሰየመው። የሽቱትጋርት ከተማ የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን ደግሞ በ1887 ባሳተመው ጥናት «ዲስሌክሲያ» በሚለው ስያሜ ተጠቀመ። በ1892 ፈረንሳዊው ጁል ዴጀሪን መጻፍ እየቻለ የገዛ ጽሑፉን ማንበብ ያቃተውን ሰው አንጎል ከሞተ በኋላ መርምሮ፣ ጉዳቱ በግራው የአንጎል ክፍል የኋለኛ አካባቢ መሆኑን አሳየ። እነዚህ ሁሉ ቀድሞ ማንበብ የሚችሉ፣ በኋላ በአንጎል ጉዳት ችሎታቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ።

የግላስጎው የዓይን ሐኪም ጄምስ ሂንሸልውድ በ1895 ስለ ቃል ዕውርነት በላንሴት መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ፣ በእንግሊዝ ሲፎርድ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ይሠራ የነበረውን ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋንን አንድ የ14 ዓመት ልጅ አስታወሰው። ሞርጋን የልጁን ታሪክ በ1896 በኅዳር ወር በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አሳተመ። ልጁ አንጎሉ አልተጎዳም፤ ዓይኑም ጤናማ ነው። ከ7 ዓመቱ ጀምሮ በትጋት ቢማርም አጫጭር ቃላትን እንኳ በጭንቅ ነበር የሚያነበው፤ የራሱንም ስም ፊደሎቹን አዛውሮ ጽፎታል። አኃዝ ሲቀርብለት ግን ያለ ችግር ያነባል፤ የአልጀብራ ጥያቄም በትክክል ይሠራል። መምህሩም ትምህርቱ ሁሉ በቃል ብቻ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ የላቀ ይሆን እንደነበር መስክሯል። ዛሬ የቃል ፈተና የሚባለው መፍትሔ ፍሬ ሐሳብ በዚህ ምስክርነት ውስጥ ነበረ። ሆኖም አሠራር እስኪሆን ድረስ ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ።

ከምርመራ ወደ ማስተማር

ሂንሸልውድ በ1907 በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ችግሩ የታየባቸውን አራት ወንድማማቾች ገልጾ፣ ነገሩ በዘር የሚተላለፍ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በ2022 የታተመ ሰፊ የዘረመል ጥናትም ከዲስሌክሲያ ጋር የሚዛመዱ 42 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል። በ1917 ባሳተመው መጽሐፉ ችግሩ በጊዜ ከታወቀ ልጁ ከከንቱ ድካምና ከቅጣት እንደሚድን አስገነዘበ። ለብቻ ማስተማርን፣ አጫጭር ትምህርቶችንም በቀን ውስጥ ደጋግሞ መስጠትን መከረ።

በአሜሪካ የአዮዋው የነርቭና የአእምሮ ሐኪም ሳሙኤል ኦርተን በ1925 ባወጣው ጽሑፍ፣ ልጆቹ ፊደላትን የሚያገላብጡት ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች ስለሚሻሙ ነው አለ። ይህ ማብራሪያ በኋላ ባይጸናም፣ ያስከተለው የማስተማሪያ ስልት ጸንቷል። መምህርት አና ጊሊንግሃምና ቤሲ ስቲልማን በኦርተን ሐሳብ ተመሥርተው በ1930ዎቹ ባዘጋጁት መመሪያ፣ ተማሪው ፊደሉን እያየ፣ ድምፁን እየሰማና እየተናገረ፣ በእጁም እየጻፈ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል ይማራል።

ችግሩ ከዓይን ይልቅ የቃልን ድምፆች ከመለየት ጋር የተያያዘ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1983 እንግሊዛውያኑ ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት በኔቸር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ድምፆችን ለመለየት ይቸገሩ ከነበሩት 65 ሕፃናት መካከል በንባብና በፊደል አጻጻፍ ከሁሉ የተሻሉት ድምፆቹን ከፊደላት ጋር አዛምደው የተማሩት ሆኑ። ስለዚህ የዓይን ልምምድና ባለ ቀለም መነጽር መፍትሔ ሊሆኑ አይችሉም። የአሜሪካ የሕፃናትና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራትም በ2009 ባወጡት የጋራ መግለጫ እነዚህ መንገዶች በማስረጃ የተደገፉ እንዳልሆኑ ገልጸዋል።

ቋንቋና ፊደል

በ2001 በሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ተማሪዎችን አነጻጽሯል። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሁሉ በግራው የአንጎል ክፍል የታየባቸው ድክመት ተመሳሳይ ነበር፤ ነገር ግን ፊደልና ድምፅ በማይዛነፉበት በጣሊያንኛ የሚያነቡት ከሌሎቹ በተሻለ አነበቡ። እንዲህ ባሉ ቋንቋዎች ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ከስሕተት ይልቅ በንባብ ዝግታ ነው።

የአማርኛ ፊደልም አንዱ ምልክት አንድን የተነባቢና የአናባቢ ጥምር ስለሚወክል፣ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለጣሊያንኛ የቀረበ ነው። ይሁንና «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» በድምፅ አንድ ሆነው በመልክ መለያየታቸው ለጸሐፊው፣ መጥበቅና መላላት በጽሕፈት አለመታየታቸው ደግሞ ለአንባቢው ፈተና ነው። «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ወይስ «ይገኛል» ማለት እንደሆነ የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። እንግዲያውስ ፊደሉን ሁሉ ለይቶ፣ ነገር ግን እጅግ አዝግሞ የሚያነበውን ልጅ «ማንበብስ ይችላል» ብሎ ማለፍ ችግሩን መሳት ሊሆን ይችላል።

በሌላ መንገድ መድረስ

ማስተማር ንባብን ያሻሽላል፤ ዝግታው ግን ብዙውን ጊዜ እስከ አዋቂነት ይዘልቃል። ስለዚህ ተማሪው ዕውቀቱን በሌላ መንገድ የሚያገኝባቸውና የሚገልጽባቸው ስልቶች አስፈልገዋል። በ1948 በኒው ዮርክ በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች መጻሕፍትን በድምፅ ለመቅረጽ የተቋቋመው ድርጅት፣ በ1995 በስሙ ላይ ዲስሌክሲያ ያለባቸውን ጨመረ። ዛሬ ኮምፒዩተርና ተንቀሳቃሽ ስልክ ጽሑፍን ያነባሉ፤ የተነገረውንም ይጽፋሉ። በፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት፣ ጥያቄውን ማንበብ፣ መልሱንም በቃል መቀበል በብዙ አገሮች የተለመደ ሆኗል። ተማሪው በራሱ ሊሠራባቸው የሚችላቸውም አሉ፦ የትምህርቱን ሐሳብ አስቀድሞ ከሰው አፍ መስማት፣ ረጅሙን ንባብ ከፋፍሎ ማጥናት፣ የተረዳውን ለጓደኛ መልሶ መናገር።

ለዚህ ሁሉ በር የሚከፍተው ችግሩን በጊዜ ማወቅ ነው። ለብዙ ዓመታት ምርመራው የልጁ የንባብ ችሎታ ከአእምሮ ፈተና ውጤቱ እጅግ ማነሱን ይጠይቅ ስለነበር፣ በዚያ ፈተና ከፍ ያለ ውጤት ያላገኙ ልጆች ከርዳታ ውጭ ቀርተዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ ይህን መስፈርት ትቶታል። ዛሬ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ልጅ ዓይኑና ጆሮው ሊመረመር፣ በቤተሰቡ ተመሳሳይ ችግር መኖሩም ሊጠየቅ ይገባል። ምርመራው ምንም ጉድለት ካላሳየም ሥራው አላለቀም፤ ልጁ ሰነፍ አለመሆኑን ለወላጅና ለመምህር ማስረዳት፣ ወደ ተገቢው የትምህርት ድጋፍም መምራት ቀሪው የሐኪሙ ድርሻ ነው።