የትምህርት ቤት ፍርሃት

የትምህርት ቤት ፍርሃት አንድ ልጅ በጭንቀት ምክንያት ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ወይም ክፍል ውስጥ መቆየት የሚያቅተው ሁኔታ ነው። ራሱን የቻለ የሕመም ስያሜ የለውም፤ ከወላጅ የመለየት ጭንቀት፣ ሰው ፊት መቅረብን መፍራት፣ ድባቴ ወይም አሰቃቂ ገጠመኝ ያስከተለው መታወክ ከጀርባው ሊኖር ይችላል።

ምልክቶች
ብዙውን ጊዜ ጠዋት ላይ ሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይታያል፤ ልጁ ቤት እንዲውል ሲፈቀድለት ይሻለዋል፣ ቅዳሜና እሑድም አይታመምም። ሕመሙ ግን የማስመሰል አይደለም። የሚፎርፍ ተማሪ ከቤተሰቡ ተደብቆ ሌላ ቦታ ይውላል፤ የፈራው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ እያወቀ ቤት ይቀራል።

በቆቦና በራያ ቆላ
በሰሜን ወሎዋ ቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ፍርሃቱን መለየት ይከብዳል። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ፤ ከብትም ያግዳሉ። ፈርቶ የቀረ ልጅ ሥራ የያዘው ሊመስል ይችላል። መለያው ሥራው ሲያልቅ የሚሆነው ነው፤ ለሥራ የቀረው ይመለሳል፣ የፈራው ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

በሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ በትግራይ ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበረች። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢው ዳግም አገረሸ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ቆቦ በምትገኝበት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ተኩስ የሰማ ልጅ መንገዱን ቢፈራ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ስለዚህ መንገዱና ግቢው ደኅና መሆናቸው ሳይረጋገጥ «አይዞህ ሂድ» ማለት ሕክምና አይሆንም።

ሕክምና
በመጀመሪያ የአካል ሕመም አለመኖሩ በጤና ጣቢያ ይጣራል፤ የሚያስፈራው ነገር ተጠይቆ ይታወቃል። አስፈሪው አለንጋ ከሆነ የሚታረመው መምህሩ ነው፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ይከለክላል።

ደኅንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ በጥናት የተደገፈው መንገድ አስተሳሰብንና ባህሪን የሚያርም የንግግር ሕክምና ነው፤ ዋናው ክፍሉ በደረጃ መመለስ ነው። ልጁ ከታላቁ ጋር እስከ በሩ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ለሰልፍና ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይቆያል፤ ከዚያ እስከ ዕረፍት፣ በመጨረሻም ሙሉውን ቀን ይውላል። ቤት በቆየ ቁጥር ፍርሃቱ ስለሚጠነክር እርምጃው ቢያንስም መቋረጥ የለበትም። ቅዠት፣ መባነን ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ልጁ ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ መላክ አለበት።