ሳይንስ በአንኮበር፣ መምህር በደብረ ብርሃን

ካርል ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1839 ሸዋ ሲገቡ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይበልጥ የሚፈልጉት መሣሪያ፣ መድኃኒትና የእጅ ባለሙያ ነበር። ኢዘንበርግ ወደ አውሮፓ ተመልሶ ለንደን ላይ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፍ ተገኘ፤ አስተማሪው ግን አልታሰበም።

አራት አሥርት ዓመታት ያህል ቆይቶ ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰጡ። የማኅበሩ መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው እስኪሞት ድረስ ወፍ ሰበሰበ፤ ናሙናው ጄኖቫ ቤተ መዘክር ገባ። ሳይንስ በአንኮበር ተሠራ እንጂ ትምህርት ሆኖ አልተሰጠም። በዚያው ዘመን በየደብሩ የዘመን ቀመሩን ባሕረ ሐሳብ የሚቀጽለው ተማሪ ከየኔታ ሥር ሆኖ ታናናሾቹን እያስጠና፣ እውቀቱንና ማስተማሩን አንድ ላይ ይለምድ ነበር። ይህን ልምድ የዘመናዊው ትምህርት አባቶች ልብ ያሉት አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የተከፈተው ማሠልጠኛ ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራን አወጣ። ለሁለተኛ ደረጃ የሚበቃ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህር ግን በቂ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ከ270 በላይ የአሜሪካ ሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው ክፍተቱን በከፊል ሸፈኑ። ብዙዎቹ ዲግሪ እንጂ የመምህርነት ሙያ አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲህ የመምህራን ሥልጠናው ሥርዓት ተመላልሷል። የሳይንስ ትምህርቱንና ሥነ ዘዴውን ጎን ለጎን ይሰጥ የነበረው የአራት ዓመት ዲግሪ በ1995 ዓ.ም. ማሻሻያ ወደ ሦስት ዓመት ወረደ። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን መጣ፤ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲፈስ፣ ክፍል ውስጥ ያለው መምህር መክፈቻና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀረችው። ቆየት ብሎ ደግሞ መጀመሪያ የሳይንስ ዲግሪ፣ ቀጥሎ የአንድ ዓመት የመምህርነት ዲፕሎማ የሚል አሠራር ተተካ። አካሄዱ የእንግሊዝን ይመስላል። እንግሊዝ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. ከ1992 ማሻሻያ ወዲህ የሁለተኛ ደረጃ ሠልጣኝ ቢያንስ የዓመቱን ሁለት ሦስተኛ የሚያሳልፈው ትምህርት ቤት ነው። ጃፓንም ሥልጠናውን በዲግሪ አታቆመውም፦ መምህራን አንድ ትምህርት አብረው ያዘጋጃሉ፣ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ክፍል ገብተው ያያሉ፣ በኋላም ያለ ይሉኝታ ይተቹታል። ይህንኑ መንፈስ የያዘ የጃፓን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ኬንያ፣ በ2011 ደግሞ ኢትዮጵያ ደርሷል።

በእኔ ፍርድ ጥፋቱ ከውጭ መቅዳታችን አይደለም። ስለ ዓመታቱ ብዛትና ስለ ቅደም ተከተሉ ስንከራከር፣ ሠልጣኙ ልምድ ካለው መምህር ጎን ቆሞ የሚለማመድበትን ጊዜ ዋና ጉዳይ አላደረግነውም።