አይሆንም ያለው ተባረረ

ሰኔ 22 ቀን 1987 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ፣ በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሴኡል፣ ሳምፑንግ የተባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ተደረመሰ። 502 ሰዎች ሞቱ፤ ከ900 በላይ ቆሰሉ።

ቦምብ አልፈነዳም፤ ምድርም አልተንቀጠቀጠችም። ሕንፃውን የጣለው የባለቤቱ ውሳኔ ነው።

ባለሙያዎች መጀመሪያ የነደፉት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነበር፤ ያውም ለገበያ ማዕከል አልነበረም። ባለቤቱ ሊ ጁን ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ አሳቡን ለወጠ። ለተንቀሳቃሽ ደረጃ ቦታ እንዲገኝ ምሰሶዎች ተነሡ። አምስተኛ ፎቅም ተጨመረ። ተቋራጩ "ይህ አይሆንም" ሲል ተባረረና ሥራው ለባለቤቱ የራሱ ድርጅት ተሰጠ። በኋላም ጣሪያው ላይ ከባድ የአየር ማቀዝቀዣዎች ተጫኑ፤ ቦታቸው ሲቀየር በክሬን መነሣት ሲገባቸው እዚያው ተጎተቱ፤ ጣሪያው ተሰነጠቀ።

በአደጋው ዕለት ስንጥቁ በግልጽ ይታይ ነበር። ኃላፊዎቹ የላይኛውን ፎቅ ዘጉ እንጂ የዕለቱ ሽያጭ እንዳይቀርባቸው ገበያተኛውን አላስወጡም።

ሊ ጁን ታሰረ። ጉቦ በልተው ለውጡን የፈቀዱ ሹማምንትም ተፈረደባቸው።

ብዙ ባለሀብት አርክቴክት የሚቀጥረው ለፈቃድ የሚሆን ማኅተም ፍለጋ ነው። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ ምሰሶ ማንሣትም ፎቅ መጨመርም የእሱ ሥልጣን ይመስለዋል። የባለሙያ ክፍያ ግን ለሥዕሉ ብቻ አይደለም፤ "አይሆንም" ለሚለው ቃሉም ጭምር ነው። ያንን ቃል የማይሰማ ሰው፣ ባለሙያ ቀጠረም አልቀጠረም፣ ያው ነው።