የውሃው መሐንዲስና የሐዋሳው ወንበር

ጠዋት ሐዋሳ፣ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል የደረሰ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ላይ ነው። ረጃጅም እግሮቻቸውን ተክለው፣ ዓሣ የሚያጸዱትን ወጣቶች እጅ በዓይናቸው እየተከተሉ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ቆሮሶው ይገፈፋል፣ አምባዛው ይሰነጠቃል፣ ጥሬው በዳጣ ይቀርባል፣ ሾርባው ይፈላል። ሐዋሳ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ የ56 ብሔረሰቦች ክልል የነበረው የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረችና ከከፋ፣ ከጋሞ፣ ከጉራጌ፣ ከሐድያ፣ ከደቡብ ኦሞ ለስብሰባም ለአቤቱታም የመጣ ሁሉ ዓሣ ሳይቀምስ መመለስ አይሆንለትም ነበር።

የዚያን ክልል የፕሬዚዳንት ወንበር ብዙ ሰዎች ተፈራርቀውበታል። ከእርሱ ተነሥቶ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የበቃው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኃይለማርያም ደሳለኝ።

የተወለዱት በ1957 ዓ.ም. በወላይታ ቦሎሶ ሶሬ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና ተምረው አርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ማስተማር ጀመሩ። ወደ ፊንላንድ ታምፐሬ ተሻግረው በውሃና በንጽህና አጠባበቅ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ፤ የተቋሙ ዲንም ሆኑ። ጫካ ገብቶ የተዋጋ ትውልድ አገሪቱን በሚመራበት ዘመን ኃይለማርያም የመጡት ከመማሪያ ክፍል ነበር። የኋላ ዘመናቸው ሁሉ ከዚህ ልዩነት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። የሚታመን፣ የተማረና የሚያግባባ ሰው በተፈለገ ቁጥር ስማቸው ይነሣ ነበር፤ የራሴ የሚሉት ጦርም ሆነ የትግል ጓድ ግን አልነበራቸውም።

ወደ ሐዋሳ የመጡት ክልሉ በተናወጠበት ወቅት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን አዋህዶ በተዘጋጀው የትምህርት መጽሐፍ ምክንያት ወላይታ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ወላይታም ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። ብዙም ሳይቆይ ኃይለማርያም የክልሉ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1993 ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀና ንፋሱ ደቡብም ደረሰ፤ ፕሬዚዳንቱ አባተ ኪሾ ከሥልጣን ወርደው በሙስና ተከሰሱ። ኅዳር 1994 ላይ ወንበሩ ለመሐንዲሱ ተሰጠ።

ገና ስድስት ወር እንደሞላቸው ሎቄ መጣ። የክልሉ መንግሥት ሐዋሳን ከሲዳማ ዞን አስተዳደር ሊያወጣ አስቧል መባሉ የሲዳማን ሕዝብ አስቆጣ። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. እርጥብ ቅጠል ይዘው ወደ ከተማዋ ያመሩ ሰልፈኞች በከተማዋ ዳርቻ፣ ሎቄ ላይ በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ጥይት ተመቱ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ መንግሥት ያመነው ከሃያ በታች ሲሆን የሰብዓዊ መብት ድርጅቶችና የአካባቢው ሰዎች የሚጠሩት ከዚያ ይበልጣል። የኃይለማርያምን ታሪክ ጽፎ ሎቄን መዝለል ለሟቾቹም ለታሪኩም በደል ነው። ትእዛዙ ከየት እንደመጣ ተመርምሮ ለሕዝብ አልተነገረም፤ የክልሉ ፕሬዚዳንት ግን እርሳቸው ነበሩ። በሲዳማ ቤቶች ስማቸው ሲነሣ ዛሬም ያ ቀን አብሮ ይነሣል።

ዕቅዱ ተጥሎ ሐዋሳ የሲዳማም የክልሉም ሆና ቀጠለች፤ የሲዳማ የራስ ክልል ጥያቄ ግን አልሞተም። ኃይለማርያም እስከ መጋቢት 1998 በወንበሩ ቆዩና ለሽፈራው ሽጉጤ አስረክበው አዲስ አበባ ገቡ።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ መንገዱ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ፖለቲካው የፈጀባቸው ስድስት ዓመት ተኩል ነበር። መጀመሪያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ፣ ቀጥሎ በተወካዮች ምክር ቤት የመንግሥት ተጠሪ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ነሐሴ 15 ቀን 2004 የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ማረፍ ሲነገር አገሩ በድንጋጤ ዝም አለ። ወሩን ሙሉ ማን ይተካል ሲባል ሰነበተ። የገዥው ግንባር የኢሕአዴግ ምክር ቤት ኃይለማርያምን ሊቀ መንበር፣ ደመቀ መኰንንን ምክትል አድርጎ መረጠ፤ መስከረም 11 ቀን 2005 በፓርላማ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ከወላይታ ምድር የወጣ፣ በሃይማኖቱ ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው ያን ሥልጣን ሲይዝ የመጀመሪያው ነበር። በደቡብ ትልቅ ኩራት ሆነ።

ከክልል ወደ ማዕከል መውጣት በፌዴራል አገሮች የተለመደ ነው። ናሬንድራ ሞዲ የሕንድ ጉጃራት ግዛት መሪ የሆኑት ኃይለማርያም የሐዋሳውን ወንበር በያዙበት መኸር ነበር። ሞዲ ግን በራሳቸው ስም ቅስቀሳ አካሂደው፣ ከመራጩ ድምፅ ለምነው ዴልሂ ገቡ። ኃይለማርያምን ወደ ላይ ያወጣቸው የፓርቲ አዳራሽ ነው። የፓርቲው ሰዎች እርስ በርስ ሲጣሉ ደግሞ ከአዳራሹ ውጭ የሚደገፉበት ምርኩዝ አልነበራቸውም።

የዘመናቸው መጀመሪያ ብሩህ ነበር። በአፍሪካ ኅብረት ሊቀ መንበርነታቸው ዓመት፣ ግንቦት 2005፣ የድርጅቱ ሃምሳኛ ዓመት በአዲስ አበባ ተከበረ። ሐምሌ 2007 ባራክ ኦባማን ተቀበሉ። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ወደ ቀድሞ ከተማቸው ተመልሰው የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ መረቁ፤ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ ሴት ልጆች በሺዎች የሚቆጠር የስፌት ሥራ አገኙበት። የቤት ኪራዩ ከደመወዛቸው ጋር እየታገለ ቢያስቸግራቸውም የከተማዋ መልክ ተለወጠ።

ከታች ግን እሳቱ ይጨስ ነበር። ግንቦት 2007 ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት ወንበሮች ወስደው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ኦሮሚያ በተቃውሞ ተነሣች፤ አማራ ተከተለ። መስከረም 22 ቀን 2009 በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው አለቀ፤ በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኃይለማርያም በፓርላማ እያብራሩ፣ በቴሌቪዥን እየመለሱ ሰነበቱ። በገዛ መንግሥታቸው ውስጥ ጦሩንና ደኅንነቱን የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ግን ሕዝቡ በየቤቱ ይጠይቅ ነበር።

የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የመፍትሔው አካል ለመሆን በማለት ሥልጣን መልቀቂያ አስገቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1967 በወታደሮች ወርደዋል፤ መንግሥቱ ኃይለማርያም በግንቦት 1983 ከአገር ሸሽተዋል፤ መለስ በሥልጣን ላይ እያሉ አርፈዋል። በገዛ ደብዳቤው ወርዶ፣ ተተኪውን በፓርላማ አዳራሽ ቁጭ ብሎ ያየ መሪ ከእርሳቸው በፊት አልነበረም። መጋቢት 24 ዐቢይ አሕመድ ሲሾሙ እጃቸውን ጨብጠው ወንበሩን አስረከቡ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ድክመታቸውን የሚዘረዝር ሰውም ሊነሣቸው አይገባም።

የሐዋሳው ወንበር ግን እርሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ከለቀቁ በኋላ ብዙ አልቆየም። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዶ 98.5 በመቶ መራጭ የራሱን ክልል መረጠ፤ በሎቄ በጥይት የተመለሰው ጥያቄ ከ17 ዓመት ተኩል በኋላ በካርድ መልስ አገኘ። ሐዋሳ የሲዳማ ዋና ከተማ ሆነች። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተለየ፤ ነሐሴ 2015 የቀረው ለሁለት ተከፍሎ የደቡብ ክልል የሚባል ስም ከካርታው ወጣ። ቦሎሶ ሶሬ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ናት፤ ጉዳይ ያለው ገበሬም ሐዋሳ ድረስ መምጣቱ ቀርቶ ወላይታ ሶዶ ይሄዳል።