የተማረ ይግደለኝ
ስለ ጀርመንኛ ቋንቋ ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ

አባቶቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌ ትምህርትን ለማክበር እንጂ ሞትን ለመመኘት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የተማረ ሰው ቢፈርድ በሕግ ይፈርዳል፤ ቢቈጣም በልክ ይቈጣል ከሚል እምነት የወጣ ቃል ነው። ይህ እምነት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለመመርመር በዛሬው ጽሑፋችን የአንድ ትምህርት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ትምህርቱም የጀርመንኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ከፍተኛ ጥናት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በቀድሞው ዘመን በጀርመን አገር ሊቅ ለመባል የሚሻ ሰው ላቲንና ግሪክ ይማር ነበር እንጂ የእናቱን ቋንቋ ለማጥናት ወደ ዩኒቨርሲቲ አይሄድም ነበር። የአፉን ቋንቋ ሊማር ትምህርት ቤት የሚገባ ሰው ውሃ መጠጣትን ለመማር እንደገባ ይቈጠር ነበር። ነገር ግን በ1806 ናፖሌዎን የፕሩስያን ጦር ድል ካደረገ በኋላ የአገሩ ሊቃውንት በጦር የተወሰደውን ክብር በዕውቀት ለመመለስ አሰቡ። በ1810 በቪልሄልም ፎን ሁምቦልት አሳብ የተመሠረተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ፍሪድሪኽ ሃይንሪኽ ፎን ደር ሃገን የጀርመንኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ሆኖ ተሾመ። የሁምቦልት አሳብ መምህሩ ያለቀለትን ዕውቀት ለተማሪው የሚያድል ሳይሆን ሁለቱም አብረው የሚመረምሩ እንዲሆኑ ነበር። ከዚህም የተነሣ ጥቂት ተማሪዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ከመምህራቸው ጋራ ተቀምጠው አንዱን ጥንታዊ ጽሑፍ ቃል በቃል የሚፈትኑበት «ሴሚናር» የተባለው ሥርዓት እየተስፋፋ ሄደ።

ከዚህ በኋላ የትምህርቱ ደረጃ እንዲህ ሆነ። ተማሪው አዲስ ምርምር ጽፎ የዶክተርነትን ማዕረግ ይቀበላል። በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚሻ እንደሆነ ግን ይህ አይበቃውም ነበር፤ ሁለተኛና ከፊተኛው የሚበልጥ ምርምር አቅርቦ በመምህራን ጉባዔ ፊት መፈተን ነበረበት። ይህንንም «ሐቢሊታሲዮን» ይሉታል። ካርል ላኽማን የተባለው ሊቅ ደግሞ የአንድን መጽሐፍ ልዩ ልዩ ቅጂዎች እያስተያየ ጸሐፊዎች ያሳሳቱትን ከመጀመሪያው ቃል የሚለይበትን መንገድ አስተካከለ። ብራና ሲገለብጥ የተሳሳተ ጸሐፊን ለሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይህ ሥራ እንግዳ አይሆንበትም።

ለዚህ ትምህርት መሠረት ከጣሉት መካከል ያዕቆብና ቪልሄልም ግሪም የተባሉት ወንድማማቾች የታወቁ ናቸው። ብዙ ሰዎች የሚያውቋቸው በ1812 ባሳተሙት የተረት መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ያዕቆብ ከ1819 ጀምሮ ባወጣው የሰዋስው መጽሐፍ ታላቅ ነገር ገልጿል። በላቲን «ፓተር» የሚባለው አባት በጀርመንኛ «ፋተር»፣ በላቲን «ፒስኪስ» የሚባለው ዓሣ በጀርመንኛ «ፊሽ» መባሉ እንዲያው የመጣ ሳይሆን በሥርዓት የተለወጠ ድምፅ መሆኑን አስረዳ። ተራው ገበሬ በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ሕግ እንዳለው በዚህ ታወቀ።

ወንድማማቾቹ በሌላም ነገር ይመሰገናሉ። በ1837 የሃኖፈር ንጉሥ ኤርንስት አውጉስት ሕገ መንግሥቱን በሻረ ጊዜ፣ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሰባት ፕሮፌሰሮች የማልንበትን ሕግ አንክድም ሲሉ በጽሑፍ ተቃወሙ። ሁለቱ ግሪሞች ከሰባቱ ውስጥ ነበሩ። ሰባቱም ከሥራ ተባረሩ፤ ያዕቆብና ሌሎች ሁለት ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ሥራ አጥተው ሳሉ በ1838 የጀርመንኛን ቃላት ሁሉ የሚሰበስብ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ከአሳታሚዎች ጋራ ተስማሙ። የመጀመሪያው ጥራዝ በ1854 ወጣ። ቪልሄልም በ1859 ሞተ፤ ያዕቆብም በ1863 ሲሞት የደረሰው «ፍሩኽት»፣ ማለት ፍሬ ከሚለው ቃል ላይ ነበር። ሥራውን ሌሎች ተቀበሉት። ጀርመን ለሁለት ከተከፈለች በኋላም እንኳ የምሥራቅ በርሊንና የጎቲንገን ሊቃውንት እየተጋገዙ በ1961 በ32 ጥራዝ ፈጸሙት።

አሁን ደግሞ ስለ አንዲት ሴት እንናገር። አጋተ ላሽ በ1879 በበርሊን ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደች። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ በር ለሴቶች ዝግ ስለነበረ የመምህርነት ፈተና ተቀብላ ለብዙ ዓመት አስተማሪ ሆነች። የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናን ያለፈችው በ1906፣ በሃያ ሰባት ዓመትዋ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ቆመን ወደ መሥሪያ ቤት የገባን እኛ ይህን ስናነብ ልባችን ይነካል፤ ጊዜው አልፏል እያልን የተውነው ነገር ስንት እንደሆነ እናስባለንና።

ፕሩስያ በ1908 ለሴቶች ዩኒቨርሲቲዎችዋን ብትከፍትም በበርሊን ጉስታፍ ሮተ የተባለው ስመ ጥር የጀርመንኛ ፕሮፌሰር ሴት ከትምህርቱ እንዳትገባ ይከለክል ነበር። ላሽም ወደ ሃይደልበርግ ሄዳ የትውልድ ከተማዋን የጽሕፈት ቋንቋ ታሪክ መርምራ በ1909 ዶክተር ሆነች። በአገርዋ ቦታ ስላልተገኘላት ወደ አሜሪካ ተሻግራ በብሪን ሞር ኮሌጅ አስተማረች፤ እዚያም ሳለች በ1914 የመካከለኛውን ዘመን የሰሜን ጀርመን ቋንቋ ሰዋስው አሳተመች። ይህ ቋንቋ ሐንዛ የተባለው የነጋዴዎች ማኅበር በባልቲክ ባሕር ዙሪያ ይነግድበት የነበረ ነው። ወደ አገርዋ ተመልሳ በ1919 በሃምቡርግ ሐቢሊታሲዮንዋን ፈጸመች፤ በ1923ም በጀርመን አገር በዚህ ትምህርት የፕሮፌሰርነት ማዕረግ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ይሁን እንጂ ላሽ ዶክተር ከሆነችበት ከሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ሌላም ሰው በዚሁ ትምህርት ተመርቋል። እርሱም ዮሴፍ ጎበልስ ነው። በ1921 ስለ አንድ የቀድሞ ዘመን የተውኔት ደራሲ ምርምር ጽፎ ዶክተር ሆነ፤ ምርምሩን የመራለትም ማክስ ፎን ቫልትበርግ የተባለ ከአይሁድ የተወለደ ፕሮፌሰር ነበር። ይህ ዶክተር በ1933 የሂትለር የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ሆኖ ግንቦት 10 ቀን በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት መጻሕፍት ሲቃጠሉ ንግግር አደረገ። በዚያው ቀን በቦን ከተማ በእሳቱ አጠገብ ከተናገሩት አንዱ የጀርመንኛ ፕሮፌሰሩ ሃንስ ናውማን ነበር። የአባቶቻቸውን ቃል እንዲጠብቁ አደራ የተሰጣቸው ሰዎች ቃልን አቃጠሉ።

አጋተ ላሽም በ1934 በዘርዋ ምክንያት ከሥራ ተባረረች። በ1942 መጻሕፍትዋን ወሰዱባት፤ በነሐሴ ወር ከእኅቶችዋ ጋራ ወደ ሪጋ አጋዟት፤ እዚያም በደረሰች ጊዜ ተገደለች። ዕድሜዋን በሙሉ የጀርመንን ሕዝብ ቋንቋ ስታከብር የኖረችውን ሴት የገደላት መንግሥት የዚያን ሕዝብ ስም ይጠራ የነበረው መንግሥት ነው። የትምህርቱ ሊቃውንት በዘመነ ናዚ የሠሩትን በደል በጉባዔያቸው በግልጽ ለመመርመር የተነሡት በ1966 በሙኒክ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ከፍተኛ ትምህርት አይጠቅምም ብለን ብንደመድም ስሕተት ነው። ግሪሞችን ለመሐላቸው ያጸናቸው፣ ላሽንም በተዘጋ በር ፊት ያቆማት የዕውቀት ፍቅር ነበርና። ነገር ግን ዲፕሎማ ብቻውን ሰውን ሰው እንደማያደርግ ታይቷል። ሁለት ሰዎች ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ትምህርት አንድ ማዕረግ ተቀብለው አንዲቱ ቃላትን ሰበሰበች፤ ሌላው ቃላትን መርዝ አደረጋቸው።

ለእኛም ይህ ነገር ባዕድ አይደለም። የጀርመን ሊቃውንት የራሳቸውን ቋንቋ በዩኒቨርሲቲ ሳያስተምሩ ገና በ1652 የአምሐራው መነኵሴ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ሄደው ለሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ አስተምረዋል፤ ሉዶልፍም በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሟል። አውጉስት ዲልማንም በ1865 ታላቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አወጣ። ስለዚህ ከወጣቶቻችን አንዱ ቋንቋን እስከ መጨረሻው ደረጃ ልማር ቢል፣ ጀርመንኛም ይሁን የራሳችን ቋንቋ፣ «ምን እንጀራ ይሆንሃል?» ብለን አናሳፍረው። ይልቁንስ የተማረውን ለምን እንደሚያውለው እንጠይቀው። የአባቶቻችን ምሳሌ እውነት የሚሆነው የተማረው ሰው አልገድልም ያለ እንደሆነ ነው።